ከኩላሊት ውስጥ የተገኘው የባክቴሪያ ዘመድ
ስለ ፀረ ተባይ መርዝና ስለ ሰውነት መከላከያ ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ

በአርሲ ደጋ ስንዴውና ገብሱ ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ የነቀዝ ነገር ይነሣል። በዚህ ጊዜ በየቤቱና በየማኅበሩ መጋዘን የማላታይን ወይም የአክተሊክ ዱቄት ከእህል ጋር ይደባለቃል። በግ የሚያረቡትም ለቅማልና ለእከክ ዳያዚኖንን በውኃ በጥብጠው እንስሳቱን ይነክሩበታል ወይም ይረጩበታል። ስማቸውና መልካቸው ይለያይ እንጂ ሦስቱም መርዞች የአንድ ወገን ናቸው። በፎስፎረስ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ በጥቅሉ ኦርጋኖፎስፌት ይባላሉ።

ከእነዚህ መርዞች ጋር ብዙ ዓመት በሠሩ ሰዎች ዘንድ የተለመደ አንድ አነጋገር አለ። ያለ ጓንት በእጁ ዱቄቱን ከእህል የሚያማስለውን ሰው ወጣቱ የልማት ሠራተኛ «ይተዉ ጋሼ፣ ይጎዳዎታል» ቢለው፣ «ግድ የለም ልጄ፣ እኔን ሰውነቴ ለምዶታል» የሚል መልስ ያገኛል።

ይህን አነጋገር አላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ ግን እንደዚያ መታለፍ ያለበት አይመስለንም። በውስጡ እውነተኛ የሳይንስ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሰውና የከብት አካል መርዙን የሚሰብር ነገር አለው ወይስ የለውም? ካለውስ በልማድ ይበረታል? የሚል ነው። ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ሲከታተሉ ከሩዝ ማሳ ባክቴሪያ ተነሥተው በአይጥ ኩላሊት በኩል አልፈዋል። የጉዞው አንድ ክፍል የተቋጨውም በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መርዙ በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ነርቭ ከጡንቻ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ንጥረ ነገር ይለቀቃል። ጡንቻው የሚንቀሳቀሰው ይህን መልእክት ሲቀበል ነው። መልእክተኛው ሥራውን እንደፈጸመ ወዲያው መወገድ አለበት፤ ካልተወገደ ጡንቻው ትእዛዙን ያለማቋረጥ ይቀበላል። የሚያስወግደው አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኤንዛይም ነው።

ኤንዛይም ማለት አንድን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ፣ ራሱ ግን ሳያልቅ ለሚቀጥለው ሥራ የሚዘጋጅ ፕሮቲን ነው። ለአርሲ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። የበቀለ ገብስ ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው በኤንዛይም ነው። ጠላ የምትጠምቀው እናትም፣ የአሰላ ብቅል ፋብሪካም የሚሠሩት በዚሁ ነው።

ኦርጋኖፎስፌት ከዚህ የነርቭ ኤንዛይም ጋር ይጣበቅና ሥራውን ያስቆመዋል። ነቀዙም፣ ቅማሉም፣ ሰውም የሚሞቱት በአንድ መንገድ ነው። በሰው ላይ ምራቅና እንባ ይበዛል፤ ያልበዋል፤ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፤ ያስመልሰዋል፤ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፤ ከባሰም መተንፈስ ያቅተዋል።

ከእነዚህ መርዞች ብዙዎቹ በጣሳው ውስጥ እያሉ ነርቭን ለመያዝ ያን ያህል ብርቱ አይደሉም። ኃይላቸው የሚጨምረው ከሰውነት ከገቡ በኋላ ነው። ጉበት ባዕድ ነገርን ለማስወገድ በሚያደርገው ጥረት ፓራታዮንን ወደ ፓራኦክሶን፣ ማላታይንን ወደ ማላኦክሶን ይለውጣል። ነርቩን አጥብቆ የሚይዘው ይህ የተለወጠው ነው። ጉበት ሊረዳ ሲነሣ መጀመሪያ ጠላትን ያስታጥቃል ማለት ነው።

ከሩዝ ማሳ የተገኘው ሰባሪ

በ1973 በፊሊፒንስ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ሴቱናታንና ዮሺዳ የተባሉ ተመራማሪዎች ዳያዚኖን ከተጨመረበት የሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ መርዙን የሚሰብር ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ገለጡ። ባክቴሪያው ፍላቮባክቴሪየም ከሚባለው ወገን ሲሆን ከዳያዚኖን ሌላ ፓራታዮንንም ይሰብራል። ማሳው ላይ መርዙ በተደጋገመ ቁጥር በአፈሩና በውኃው ውስጥ እርሱን መስበር የሚችሉ ተሕዋስያን ይበዛሉ፤ መርዙም ከቀድሞው ፈጥኖ ይጠፋል። ገበሬ «መድኃኒቱ እንደ ድሮው አይበረታም» ሲል አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ተባዩ ሳይሆን አፈሩ ሊሆን እንደሚችል የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልብ ቢሉት መልካም ነው።

ቀጥሎም ሱዶሞናስ ዲሚኑታ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ላይ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1982 ሰባሪው ጂን ፕላዝሚድ ላይ እንደሚገኝ አመለከቱ። ጂን ማለት አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዝ የውርስ ጽሑፍ ነው። ፕላዝሚድ ደግሞ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሊተላለፍ የሚችል ትንሽ የውርስ ቁራጭ ነው። በሁለቱ ባክቴሪያዎች ያለው ጂን ሲነበብ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በሩቅ አገሮች የተገኙ፣ በዝርያም የማይገናኙ ሁለት ባክቴሪያዎች አንድ መሣሪያ ይዘው ተገኙ።

ጂኑ የሚያሠራው ኤንዛይም ፎስፎትራይኤስተሬዝ ይባላል። መካከሉ ላይ ሁለት የዚንክ ቅንጣቶች አሉት፤ በእነርሱም ውኃን አስልቶ የመርዙን ማያያዣ ይቆርጣል። አንዱ የኤንዛይም ቅንጣት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 2000 ያህል የፓራኦክሶን ቅንጣቶችን ይሰብራል። ይህ በኤንዛይሞች ዘንድ ከከፍተኞቹ ፍጥነቶች አንዱ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው ፓራታዮን በተፈጥሮ የሌለ መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ጌርሃርድ ሽራደር የሠራው በ1940ዎቹ ነው። ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እርሱን ለመስበር የተካነ ባክቴሪያ ከየት መጣ? በ2006 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው የኤንዛይሙ የቅርብ ዘመዶች ዋና ሥራ ላክቶን የሚባሉ የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮችን መስበር ነው። መርዝ መስበር ለእነርሱ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበረ። ማሳው በመርዝ ሲሞላ የትርፉ ሥራ ዋና ሆነ።

ይህ ኤንዛይም ሁሉን አይችልም። በተለይ ማላታይንን የሚሰብረው እጅግ በዝግታ ነው። ዳያዚኖንን ግን በደንብ ስለሚሰብር የአውስትራሊያ የምርምር ድርጅት የሆነው ሲሳይሮ ከሌላ ባክቴሪያ ያገኘውን ተመሳሳይ ኤንዛይም የበግ መንከሪያ ፍሳሽን ለማጽዳት እንዲውል አድርጎ አዘጋጅቷል። በጎቻችንን በዳያዚኖን ነክረን ፍሳሹን ወደ ጅረት ለምናወርደው ለእኛ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በአይጥ ኩላሊት የተገኘው ጽሑፍ

አሁን ወደ አጥቢ እንስሳት እንመለስ። በ1996 በአሜሪካ በውኃ ከረጢት የሚሞላውን የኩላሊት በሽታ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ኩላሊቱ በታመመና በተጎዳ ጊዜ አሠራሩ የሚዛባ አንድ ጂን በአይጥ ውስጥ አገኙ። ጂኑ የሚሠራው በኩላሊትና በጉበት ነው። ያልታወቀ ጂን ሲገኝ የተለመደው አካሄድ ጽሑፉን ቀድሞ ከተነበቡት ጂኖች ሁሉ ጋር በኮምፒዩተር ማስተያየት ነው። ፕሮቲን የሚሠራው ከሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች ስለሆነ እንደ ፊደል ተደርድሮ ሊነበብና ሊመሳከር ይችላል። በዚህ ማመሳከሪያ የአይጡ ጽሑፍ የተመሳሰለው ከሌላ የእንስሳ ጂን ጋር አልነበረም። የተመሳሰለው ፓራታዮንን ከሚሰብረው ከባክቴሪያው ጂን ጋር ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በብሪታኒያ የሚሠሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ፈጽሞ ሌላ ነገር ሲፈልጉ እዚያው ቦታ ደረሱ። እነርሱ ይፈልጉ የነበረው ሬዚኒፌራቶክሲን ከሚባል እጅግ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ጋር የሚጣበቅ ፕሮቲን ነበር። ይህ ንጥረ ነገር የሚገኘው በሞሮኮ ከሚበቅል፣ የእኛ ቁልቋል ዘመድ ከሆነ ተክል ወተት ነው። ቁልቋል ሲቆርጥ ወተቱ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሰው ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ያገኙት ፕሮቲንም በትልቁ አይጥ ኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ የሚሠራ፣ ያው የባክቴሪያው ኤንዛይም ዘመድ ሆነ።

በኋላም ይኸው ጂን በሰው፣ በላምና በሌሎችም እንስሳት እንዳለ ታወቀ። ስሙም «የፎስፎትራይኤስተሬዝ ዘመድ» የሚል ትርጉም ባለው አጠራር ጸና፤ በአጭሩ ፒተር ይሉታል። ስሙን ብቻ የሚሰማ ሰው «እንግዲያው መርዝ የሚሰብረው ኤንዛይም በየኩላሊታችን አለ፤ ሰውነቴ ለምዶታል ያለው ሽማግሌ ትክክል ነው» ቢል አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ስናርን ማስታወስ ይጠቅማል። ስናር ገና በቅጠሉ ሳለ ከገብስና ከስንዴ ለይቶ ማረም ምን ያህል እንደሚያስቸግር የዲገሉም የሄጦሳም ገበሬ ያውቃል። ሁሉም የሣር ወገን ስለሆኑ ሥራቸው፣ አገዳቸው፣ አንጓቸው ይመሳሰላል። ዘመድነታቸው እውነት ነው። ከጎተራ የሚገባው ግን አንደኛው አይደለም።

ለልማት ሠራተኞች የበለጠ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። በ1997 ሆልምና ሳንደር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፎስፎትራይኤስተሬዝ ከዩሪኤዝ ጋር የአንድ ሰፊ ቤተሰብ አባል መሆኑን በቅርጹ አሳዩ። ዩሪኤዝ በማሳችን ላይ የምንበትነውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ የሚለውጠው የአፈር ባክቴሪያዎች ኤንዛይም ነው። እርጥብ አፈር ላይ ዩሪያ ተበትኖ ሳይሸፈን ሲቀር ናይትሮጂኑ በአየር የሚጠፋው፣ ገለባ በዩሪያ ታሽጎ ሲቀመጥ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ የሚወጣው በእርሱ ነው። በከብት ጨጓራ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ዩሪኤዝ አላቸው፤ ዩሪያ በዝቶ የተሰጠው በሬ በአሞኒያ ተመርዞ የሚሞተውም ከዚህ የተነሣ ነው። ላሟ ራሷ ግን የዩሪኤዝ ጂን የላትም። ከዚሁ ሰፊ ቤተሰብ እርሷ የያዘቻቸው ሌሎች አባላትን ነው። አንዱ የደም ነጭ ሴሎች በጤና እንዲኖሩ የሚያስፈልገው አዴኖሲን ዲአሚኔዝ ነው፤ ይህ የጎደለው ሕፃን በሽታን መከላከል አይችልም። አንዱ ቤተሰብ ማዳበሪያ ይሰብራል፣ መርዝ ይሰብራል፣ የሕፃን ሕይወት ይጠብቃል። ሁሉም በርሜል በሚመስል አንድ ዓይነት ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። ቅርጽ አንድ ሆኖ ሥራ ሊለይ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

የፒተር ሥራ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አለፈ። ኢ. ኮላይ በተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ያለው ሌላው ዘመዱ ቀደም ብሎ ተመርምሮ መርዙን እንደማይሰብር ታውቆ ስለነበር ጥርጣሬው አልቀረም። በ2024 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መልሱን አወጡ። ፒተር የሚሰብረው ኤን አሴቲልታውሪን የሚባል፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር የሚገኘው ታውሪን ከአሴቴት ጋር ሲጣመር ነው፤ አልኮል ሲጠጣና ረጅም ሩጫ ሲሮጥ ይበዛል። (የበቆጂ ሯጮች ከረጅም ልምምድ ሲመለሱ ኩላሊታቸው ውስጥ የሚሠራው ይህ ነው ማለት ነው።) ፒተር የሌላቸው አይጦች ታውሪን ሲጨመርላቸው ምግብ ይቀንሳሉ፣ ቅባት በበዛበት መኖም እንደ ሌሎቹ አይወፍሩም። ስለዚህ በባክቴሪያው ዘንድ መርዝ የሚሰብር የሆነው መሣሪያ በእኛ ዘንድ ከምግብ ፍላጎትና ከክብደት ጋር የተያያዘ ሌላ ሥራ ይዞ ተገኘ።

ታዲያ የሚከላከልልን ምንድን ነው?

አጥቢ እንስሳት መርዙን የሚሰብሩበት ነገር አላቸው፤ የሚገኘው ግን በዚህ ዘመድ በኩል አይደለም። በ1953 ብሪታኒያዊው አልድሪጅ በደም ውስጥ ፓራኦክሶንን የሚሰብሩና በፓራኦክሶን የሚሸነፉ ኤንዛይሞችን ለይቶ አስቀመጠ። ሰባሪው ፓራኦክሶኔዝ ይባላል። ጉበት ይሠራዋል፣ ደም ይዞት ይዞራል። በ2004 ቅርጹ ሲታይ ከባክቴሪያው በርሜል ጋር የማይገናኝ፣ ስድስት ክንፍ እንዳለው መዘውር ያለ ሆነ። ከስሙም ከመልኩም የባክቴሪያው ዘመድ ያልሆነው ሥራውን ይሠራል፤ ዘመዱ ግን አይሠራም። ደግሞም የዚህም የመጀመሪያ ሥራው እንደዚያኛው ሁሉ ላክቶን መስበር መሆኑ ታውቋል፤ መርዝ መስበር ለእርሱም ትርፍ ነው።

ይህ መከላከያ ውስን ነው። በ1998 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ፓራኦክሶኔዝ የሌላቸው አይጦች ሌሎቹ በሚችሉት የክሎርፒሪፎስ መጠን ይመረዛሉ። ከሰው ወደ ሰውም ይለያያል፤ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት የጂኑ ዓይነቶች አሉ፣ ፓራኦክሶንን የሚሰብሩበትም ፍጥነት የተለያየ ነው፣ በደም ውስጥ ያለው መጠንም ከሰው ሰው ብዙ እጥፍ ይራራቃል። ስለዚህ አንድ ጣሳ የረጩ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው ላይታመም ይችላል። ያልታመመው ብርቱ ስለሆነ አይደለም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ያለው መጠን ከአዋቂ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀስ እያለ ይጨምራል። ልጅ ያዘለች እናት እህልን ከመርዝ ጋር ማማሰል የሌለባት በዚህ ምክንያት ነው።

ዶሮዎች ከሁሉ የባሱ ናቸው። በወፎች ደም ውስጥ ይህ ኃይል ከሞላ ጎደል የለም ማለት ይቻላል። ሰውና ፍየል የሚችሉት ትንሽ መጠን ዶሮን ይገድላል። የታሸ ዘር የተራገፈበትን ከረጢት ጓሮ ማራገፍ፣ መጋዘኑን ጠርጎ ጥራጊውን ደጅ መድፋት ዶሮዎቹን መጨረስ ነው።

የማላታይን ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ በእኛ ዘንድ ብዙ የሚነካው እርሱ ስለሆነ ነው። ማላታይን ከፓራታዮን ይልቅ ለሰው የቀለለ የሆነው ጉበት ውስጥ ያለ ካርቦክሲልኤስተሬዝ የተባለ ኤንዛይም ፈጥኖ ስለሚሰብረው ነው። ነቀዝ ይህ ኃይል ስለሚያንሰው ይሞታል፣ ሰው ይተርፋል። ካርቦክሲልኤስተሬዝ መርዙ ከሚይዘው ከነርቩ ኤንዛይም ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሁለቱም በባክቴሪያ ዘንድ ዘመዶች አሏቸው። አጥፊውን የሚከላከለውና በአጥፊው የሚወድቀው ወንድማማቾች ናቸው።

ይህ ጋሻ የሚሰበርበት መንገድ አለ። በ1976 በፓኪስታን ለወባ መከላከያ ማላታይን ይረጩ ከነበሩ 7500 ያህል ሠራተኞች መካከል ወደ 2800 የሚሆኑት ተመረዙ፤ አምስት ሞቱ። ያን ያህል ጉዳት ከማላታይን ማንም አልጠበቀም ነበር። ሲመረመር ዱቄቱ ውስጥ አይዞማላታይን የተባለ ነገር ተገኘ። ይህ ማላታይን በመጥፎ አዘገጃጀትና በሙቀት ሲቀመጥ የሚፈጠር ሲሆን ካርቦክሲልኤስተሬዝን ያሥረዋል። ጋሻው ሲታሠር ቀላሉ መርዝ ከባድ ይሆናል። ሠራተኞቹ በእጃቸው ያማስሉ፣ ልብሳቸውንም ሳይለውጡ ይውሉ ስለነበር ነገሩ ባሰ።

አሰላ ብርድ ነው፤ በጭላሎ ግርጌ ያለ መጋዘን ብዙ አይሞቅም። ነገር ግን ወደ ዶደታ ዝቅ ሲባል በቆርቆሮ ክዳን ሥር ከወር እስከ ወር የተቀመጠ ማላታይን ምን እንደሚያገኘው መገመት አያዳግትም።

«ለምዶታል» የሚለው ከየት መጣ?

ፓራኦክሶኔዝ በመርዝ ብዛት አይጨምርም። ፒተርም አይረዳም። ሆኖም ሽማግሌው ያየው ነገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ሰው በትንሽ በትንሹ ሲመረዝ የነርቩ ኤንዛይም እያነሰ ይሄዳል፤ አሴቲልኮሊኑም ይበዛል። አካሉ ይህን ለመቋቋም መልእክቱን የሚቀበሉትን በሮች ይቀንሳል። በዚህን ጊዜ ምልክቱ ይጠፋል፤ ራስ ምታቱ ይቆማል፣ ላቡ ይቀንሳል። ሰውዬው ዳንሁ፣ ለመድሁ ይላል። ኤንዛይሙ ግን አልተመለሰም። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሳለ ረኀብ ያልተሰማው ሰው ይመስላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ትንሽ መጠን በፊት ከነበረው ብዙ መጠን ይልቅ ሊጥለው ይችላል።

በቀይ የደም ሴል ላይ የተጎዳው ኤንዛይም የሚተካው አዲስ ሴል ሲሠራ ነው፤ ይኸውም በቀን 1 በመቶ ያህል ነው። ግማሹ የጠፋበት ሰው ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሳምንታት ሳይሆን ወራት ያስፈልገዋል። ማኅበራት ለርጭትም ሆነ ለበግ መንከር አንድን ሰው ከዓመት ዓመት «እርሱ ለምዶታል» ብለው መመደባቸው የሚጎዳው ያንኑ ሰው ነው። ሰው ማፈራረቅ ይሻላል። ያመመው ሰው ካለ ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ የጣሳውን ወረቀት ይዞ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው፤ ሐኪሞች አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አላቸው። ወተት መድኃኒት አይደለም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ከሆነም የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ለገበሬው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሚያውቀው ቋንቋ ሊያነብለት ይገባል፤ የጣሳው ማስጠንቀቂያ ለማይረዳው ሰው ሥዕል ብቻ ነው።

ባክቴሪያዎቹ መርዝ የሚሰብሩ ከሆነ የተረፈውን አፈር ላይ ብናፈስሰውስ? የሚል ጥያቄም ሊነሣ ይችላል። በማሳ ላይ በስሱ የተረጨውን አፈር በጊዜው ይሰብራል። በአንድ ጉድጓድ የተደፋ ጣሳ ግን ባክቴሪያውንም ይገድላል፣ ወደ ምንጭም ይወርዳል። በአገራችን በየመጋዘኑ ለብዙ ዓመታት የተከማቸው ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ምን ያህል ሸክም እንደነበረ ይታወቃል፤ ከ2000 ወዲህ በተካሄደው የማስወገድ ሥራ ከ1000 ቶን በላይ የሚሆነው ወደ ፊንላንድ ተጭኖ በልዩ ምድጃ ተቃጥሏል። ያ ሁሉ መርዝ መጀመሪያ የተገዛው ተባይ ሊገደልበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ጥቅም ላይ መዋል የለበትም። በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ያለፈበት፣ ወረቀቱ የጠፋ ወይም በሙቀት የተጋገረ የማላታይን ዱቄት የተገኘ እንደሆነ መዝጋቢው በዝርዝር ጽፎ ለብቻው ይቆልፍበት። ለአባላት አያድለው፣ ከአዲሱ ጋር አይቀላቅለው፣ አይቅበረው፣ አያቃጥለው። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠኑን፣ የተገዛበትን ዓመትና የተቀመጠበትን ቦታ ያስታውቅ።